ስም ያዳነው ቤት

የመጀመሪያው ሚስማር ተጣመመ። ሁለተኛው የልስኑን ቅርፊት ይዞ ወደቀ። ሦስተኛውን እኔው ራሴ ተውሁት።

በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በምኖርባት ቤት ግድግዳ ላይ ልሰቅለው የፈለግሁት አንድ ፎቶግራፍ ነበር። በፎቶግራፉ ውስጥ አያቴ ከቤቷ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ግማሹ በአዲስ ጭቃ ተመርጓል፤ ግማሹ ገና ነው። ባልተመረገው በኩል አሮጌው ጭቃ ረግፎ ማገሩ እንደ ከሳ ሰው ጎድን ይታያል። ያ ቤት ዛሬ የለም። ቆሞበት የነበረው መሬት ግን አለ፤ በመስኮቴ ቁልቁል ስመለከት መኪኖች ቆመውበት አየዋለሁ።

የአያቴ ቤት አሠራር የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቋሚዎቹ በተቆፈረላቸው ጉድጓድ ይተከላሉ፤ ማገሩ በውስጥም በውጭም ይመታል፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦና ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፤ ከዚያ ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰነጣጠቁ አይቀርም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ይደረብበታል፤ በመጨረሻም ይለቀለቃል። በላዩ የባሕር ዛፍ ወራጅና ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ የአቡጀዲ ኮርኒስ ይከተላል። እንዲህ ያለ ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጥቂት ያጎድልበታል፤ መስቀል ሲቃረብ ደግሞ አያቴ ጭቃ ታስቦካና ክረምቱ የወሰደውን ትመልስ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁና ሥራው የድህነት ምልክት ይመስለኝ ነበር። እድሳት የሚባለው ነገር ያው እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ፣ ያውም በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነው።

ቋንቋችንም ቢሆን በእንጨት የቆመ ቤት ነው። አገርን የሚያቆም ሰው «ዋልታና ማገር» ይባላል። የቤተሰብ አለኝታ «ምሰሶ» ነው። መሥሪያ ቤት ሲደራጅ እንደ ጣራ «ይዋቀራል»። ግጥም እንኳ ሲገጥም «ቤት መታ» እንላለን። ይህን ሁሉ ከእንጨት ቤት ተበድረን ስናበቃ የእንጨቱን ቤት ራሱን ለምን እንዲህ በቀላሉ እንደምንረሳው ማሰብ የጀመርሁት ሐረር ላይ ነው።

* * *

ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ሐረር ሄጄ አንድ ከሰዓት ነፃ ሆንሁ። በባንክ ሒሳብ ስደምር ውዬ ማታ ማታ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝና፣ ሐረር ስገባ በልቤ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነበር፦ አርተር ራምቦ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል ውስጥ የሚያስገባው ጎዳና «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ገና ጥቂት እርምጃ እንደ ሄድሁ አንድ ወጣት «ወንድሜ፣ ራምቦ ቤት ነው?» አለኝ። ሌላ ምን ልፈልግ እንደምችል የሚጠራጠር አይመስልም ነበር።

ከጎዳናው ወጥተን በጠባብ መንገድ ታጠፍን። ቤቱ በድንገት ነው የሚመጣው። ዙሪያውን ያሉት የሐረሪ ቤቶች ፊታቸውን ለመንገድ አይሰጡም፤ በድንጋይና በጭቃ የታነፁ፣ በኖራ የነጡ አጥሮች ናቸው፤ ውበታቸውን ለውስጥ ሰው አስቀምጠዋል። ወደ ውስጥ የገባ ሰው በደረጃ ከፍና ዝቅ የተደረጉትን ነደባዎች፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶችና ሳህኖች፣ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩትን መደርደሪያዎች ያያል። ይህኛው ቤት ግን በተቃራኒው ነው። ፊቱን በሙሉ ወደ ውጭ አዙሯል። ሰፊ የእንጨት ገጽ፣ ቅርጽ የወጣላቸው ሳንቃዎች፣ ከላያቸው ቅስት የያዙ መስኮቶች፣ ባለ ቀለም መስታወቶች። በትሑታን ጎረቤቶች መካከል ለሠርግ የለበሰ እንግዳ ይመስላል።

ከውስጥ ያለው አዳራሽ ከፍ ያለ ነው። ቀና ሲሉ ኮርኒሱ በእጅ በተሣሉ ሥዕሎች ተሸፍኗል። በእንጨት ደረጃ ወደ ደርቡ ሲወጡ ሰገነቱ አዳራሹን ከላይ ያሳያል። የከሰዓት ፀሐይ በባለ ቀለሙ መስታወት ገብታ በጣውላው ወለል ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ጥላ ነበር። በመስኮቱ ሲመለከቱ የጀጎል ጣራዎችና ሚናራዎች ይታያሉ። በግድግዳው ላይ ገጣሚው በ1883 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ ባስመጣው የፎቶግራፍ መሣሪያ ካነሣቸው ምስሎች የተባዙት ተሰቅለዋል። አንዱ የራሱ ምስል ነው፤ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ፊቱ በደንብ የማይለይ ቀጭን ሰው።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ ስለ ራምቦ ከግጥሙ ይልቅ የሒሳብ ደብተሩን አሰብሁ። ይህ ሰው በ1854 በሻርልቪል ተወለደ። ሃያ ዓመት ገና ሲሞላው የፈረንሳይን ግጥም የሚለውጠውን ሥራ ጽፎ ጨርሶ ነበር። ከዚያ ብዕሩን ጣለ። በ1880 መጨረሻ ለባርዴ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ሲገባ ሥራው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ መመዘንና መመዝገብ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ኖሮባታል፦ ከ1880 እስከ 1881፣ ከ1883 እስከ 1884፣ በመጨረሻም ከ1888 እስከ 1891። በመካከሉ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ድረስ ሄዷል። ከሐረር የጻፋቸው ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ድካም ናቸው፤ ግጥም የለባቸውም። «ኢሉሚናሲዮን» የተባሉት ሥራዎቹ በ1886 ፓሪስ ላይ ሲታተሙ እሱ በቀይ ባሕር ዳርቻ የግመል ጉዳይ ይዞት ነበር። በ1891 ጉልበቱ ላይ በወጣው እጢ ምክንያት በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ወጣ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በ37 ዓመቱ አረፈ።

በመደመርና በመቀነስ ለሚኖር ገጣሚ ነኝ ባይ ይህ ሁሉ ከተረት በላይ ነው። ስለዚህ በሩ አጠገብ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ መልሱን ፈልጌ ሳይሆን ማረጋገጫ ፈልጌ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ የተኛበት ክፍል የትኛው ነው?»

ፈገግ አሉ። «ሰው ራምቦ ቤት ይለዋል፤ እኛም እንደዚያው እንላለን። ቤቱን የሠራው ግን ህንዱ ነው። ራምቦ ያን ጊዜ ሞቷል።»

* * *

እውነታቸውን ነው። ዛሬ ቆሞ የሚታየው ቤት ራምቦ ከሞተ በኋላ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ገጣሚው ቀድሞ በዚያ ቦታ በነበረ ሌላ ቤት ኖሯል ይባላል፤ ይህን ጣራ ግን አላየውም፤ በዚህ ደረጃ አልወጣም።

የህንዶቹ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን ይዘው ቆይተው ከወጡ በኋላ፣ በ1887 መጀመሪያ ምኒልክ በጨለንቆ ውጊያ ድል አድርገው ከተማዋን ያዙ። ከዚያ ወዲህ የህንድ ነጋዴዎች በብዛት መጡ። ከጨርቁና ከቅመሙ ጋር የቤት አሠራራቸውንም ይዘው ነበር፦ ባለ አራት ማዕዘን፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ መንገዱን ወይም ግቢውን ከላይ የሚመለከት የእንጨት በረንዳ ያለው። ምድር ቤቱ ሱቅና መጋዘን፣ ደርቡ መኖሪያ። የሐረር አናጢዎችም ይህን ከራሳቸው ጋር አዳቅለው ሦስተኛ ዓይነት ቤት ፈጠሩ። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ጀጎልን፣ ከ82 መስጊዶቿና ከ102 የወሊዮች መካናቷ ጋር፣ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህን የህንድ በረንዳዎች ከከተማዋ መልክ አንዱ አድርጎ ቆጥሯቸዋል።

ከራምቦ ቤት ብዙ ሳይርቅ አንድ እህቱ አለ። ራስ ተፈሪ በ1911 እ.ኤ.አ. እቴጌ መነንን ሲያገቡ የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳልፈውበታል የሚባለው ቤት ነው። እሱንም የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ከበሩ በላይ የሂንዱዎቹ አምላክ ጋኔሻ ከነዝሆን ራሱ ተቀርጾ ይታያል። ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም በውስጡ ይገኛል፤ ቅርስ በመሰብሰብ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው ያጠራቀሟቸው ብራናዎች፣ ሳንቲሞችና አልባሳት በዚያ ጣራ ሥር ተጠልለዋል። በእስላም ከተማ ውስጥ፣ የሂንዱ ምስል ባለበት በር፣ የክርስቲያን መስፍን ጫጉላ፣ የሙስሊም ሊቅ ስብስብ! ይህን ሁሉ የተሸከሙት ጥቂት ቋሚዎችና ጥቂት ሳንቃዎች ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሁለቱም ቤቶች የዳኑት ለምንድን ነው? አንዱ የፈረንሳይ ገጣሚ ስም ስለተለጠፈበት፣ ሌላው የንጉሠ ነገሥት ስም ስለነካው። የራምቦ ቤት ሊወድቅ ደርሶ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ሲታደስና ሙዚየም ሲሆን ያስጠራው «ራምቦ» የሚለው ቃል ነው። ሳንቃውን የላገው፣ ቅስቱን የቀረጸው፣ ኮርኒሱን የሣለው ሰው ስሙ ከበሩ ላይ የለም። የቅኔ ተማሪ ቢጠየቅ ነገሩን በአጭሩ ይፈታው ነበር፦ ሰሙ ራምቦ ነው፤ ወርቁ አናጢው ነው። ሰሙ ባይኖር ኖሮ ግን ወርቁን የሚያይ አልነበረም።

* * *

የእንጨት ቤትን ማደስ ድንጋይን እንደማደስ አይደለም። ድንጋይ ይጠብቃል፤ እንጨት አይጠብቅም። ቀዳሚ ጠላቱ ውኃ ነው። ስለዚህ አዳሽ ሥራውን የሚጀምረው ከጌጡ ሳይሆን ከጣራው ነው፤ የሚያፈስ ጣራ ሥር የተወለወለ ሳንቃ ከንቱ ነውና። ቀጥሎ ወደ መሬት ይወርዳል፤ የቋሚው እግር እርጥበት እየሳበ ከሥር ይበሰብሳል፤ ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው። ጥድ ምስጥን ስለሚቋቋም የቀድሞ ሰዎች ለቋሚ ይመርጡት ነበር። የአንድ ቋሚ እግር ቢበሰብስ ቋሚው በሙሉ አይጣልም፤ የታመመው ብቻ ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ይቀጠላል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰንም ብዙ ጊዜ ደግነት የሚመስል ጥፋት ነው። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ የታፈነው እርጥበት ውስጥ ውስጡን እንጨቱን ይበላዋል። ከውጭ አዲስ የመሰለ ቤት ከውስጥ አጽሙ ሲፈርስ ይኖራል።

በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር ለአዳሾች ሁለት ከባድ ምክሮች አሉት። አንደኛው፣ ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ እድሳት መቆም አለበት የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የተተካው ክፍል ከአሮጌው ጋር ይስማማ፤ ነገር ግን አዲስነቱን አይደብቅ ይላል። ሆኖም በእንጨት የሚኖሩ ሕዝቦች ሌላ ጥበብም አላቸው። የጃፓን የኢሴ ቤተ መቅደስ በየሃያ ዓመቱ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የመጨረሻው በ2013 እ.ኤ.አ. ነበር። እንጨቱ አዲስ ነው፤ አሠራሩ ግን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። በ1994 ጃፓን ውስጥ ናራ ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ያወጡት ሰነድም የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በቁሱ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ፣ በአገልግሎቱና በመንፈሱ ጭምር እንደሚመዘን ተቀብሏል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ ጭቃ የምታስቦካው አያቴ ናት። እሷ ስለ ናራ ሳትሰማ በየመስከረሙ ታደርገው ነበር።

የራምቦን ቤት በትክክል ለመመዘን ሌላ የገጣሚ ቤት አጠገቡ ማቆም ያስፈልጋል። ጎተ በነሐሴ 1749 እ.ኤ.አ. የተወለደው ፍራንክፈርት ውስጥ ባለ የእንጨት አጽም የከተማ ቤት ነው። ጥንት ሁለት ጎን ለጎን የነበሩ ቤቶችን አባቱ በ1755 አዋሕዶ አንድ አደረጋቸው። ገጣሚው የልጅነት ዘመኑን በዚያ ኖረ፤ የመጀመሪያ ታላላቅ ሥራዎቹንም በዚያ ጻፈ። መጋቢት 22 ቀን 1944፣ ጎተ በሞተበት ዕለት መታሰቢያ፣ የአየር ድብደባ ቤቱን አወደመው። የቤት ዕቃዎቹ ግን ቀደም ብለው ሸሽተው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን ትልቅ ክርክር ተነሣ። ጸሐፊው ዋልተር ዲርክስ፣ ይህ ቤት በቦምብ የጠፋው በራሳችን ታሪክ ምክንያት ነውና መሰናበትን እንድፈር፤ የጠፋውን እንዳልጠፋ አናስመስል ብሎ ተሟገተ። ሌሎቹ አሸነፉ። ቤቱ እንደ ነበረ፣ ደረጃው ከነድምፁ ያህል ታስቦ፣ እንደገና ተሠርቶ በ1951 ተከፈተ።

እንግዲህ እነሆ ሁለት ቤቶች። በፍራንክፈርት ገጣሚው እውነተኛ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ነው። በሐረር ግድግዳው እውነተኛ ነው፤ ገጣሚው አልኖረበትም። ሁለቱንም ሰው እየከፈለ ይጎበኛል፤ በሁለቱም ውስጥ ቆሞ ዓይኑ እንባ የሚያቀር አይጠፋም። የሐረሩን ቤት «ውሸት» ብሎ ማለፍ የሚፈልግ ሰው ካለ እኔ አልስማማም። ስሙ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ሳንቃው ግን አልዋሸም።

* * *

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ይኸው የስም ነገር አብሮኝ መጣ። ከተማችን የተሠራችው በእንጨት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዙሪያዋ ያለው ደን ተመንጥሮ ሲያልቅ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለመውሰድ እስከማሰብ ደርሰው ነበር፤ ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ቆርቆሮውና መስታወቱ ረጅሙን መንገድ የመጣው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነው። በእነዚያ ዓመታት ህንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ከአገሬው አናጢዎች ጋር ሆነው ለመኳንንቱ ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው የእንጨት ቤቶች ሠሩ። ከእነዚያ መካከል የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ተርፏል። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በእሳት ሲያያዝ ከተማው በሙሉ አዘነ፤ በውስጡ የነበረው ጃዛምባ የሙዚቃ አዳራሽ አመድ ሆነ፤ ሆቴሉ ግን ታድሶ ዳግም እንግዳ ተቀበለ። የጣይቱ ስም ባይኖርበት ኖሮ ስንቶቻችን እናዝን ነበር?

ምክንያቱም ስም የሌላቸው ብዙዎች ነበሩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የኪራይ ቤቶችን ወደ መንግሥት ሲያዞር ለብዙ ድሃ ተከራይ እፎይታ ነበር። አያቴ ራሷ ከዚያ በኋላ ነው ያለ ሥጋት የተኛችው። ነገር ግን ኪራዩ በጥቂት ብር ተወስኖ ሲቀር ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ቋሚ ለመለወጥ ወይ አቅሙ ወይ ፈቃዱ አልነበረውም። በየዓመቱ እጅ ካልነካው የማይቆም ዓይነት ቤት ባለቤት አልባ ሲሆን ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ሠላሳ ዓመት ቆየንና «ያረጀ፣ የጎሰቆለ ሰፈር» አልነው። ጎስቋላነቱ እውነት ነበር። የጎሰቆለበት ምክንያት ግን የጭቃው ጥፋት አልነበረም።

የልደታ ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዓ.ም. ሲፈርስ እኔ ተማሪ ነበርሁ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ መጸዳጃ ቤት ለስንት አባወራ እንደነበር፣ በክረምት ሌሊት እዚያ ለመድረስ በየትኛው ድንጋይ ላይ እየረገጥን እንደምናልፍ አስታውሳለሁ። ዛሬ ቧንቧዬን ስከፍት፣ ውኃ በሚመጣበት ቀን፣ ውኃ ይመጣል። አሮጌውን ቤት ከዚህ ከሞቀ ክፍል ሆኖ ማወደስ ቀላል ነው፤ የሚያፈስሰው ጣራ ሥር ጎድጓዳ ሳህን እየደረደረ ላደገ ሰው ግን አያምርበትም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ሌሊት ፎቃችንን ሲያወዛውዘው፣ ጎረቤቶቼ በደረጃው ሲሮጡ፣ የድሮው ማገር ቢሆን ተንሲያጥጦ ዝም ይል ነበር ብዬ አሰብሁ። ቢሆንም ነገ ምረጥ ብባል ወደዚያ ሰፈር እንዳለ እመለሳለሁ ብዬ አልዋሽም።

የምቆጨው በሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ ቤት መካከል አንድ እንኳ ተመርጦ፣ ተለክቶ፣ ንድፉ በወረቀት ሰፍሮ፣ «በልደታ ሰው እንዲህ ይኖር ነበር» ተብሎ አለመቅረቱ ነው። የታወቀ ሰው አልኖረበትምና። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ያን ስሜት እንደገና አየሁት፤ ሰው ስልኩን አውጥቶ የሚያነሣው ታዋቂ ካፌ ወይም ሱቅ የነበረበትን ግድግዳ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ጓዳዎች ማንም ሳያነሣቸው ወረዱ። ውቤ በረሃን ዛሬ የማያውቅ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የለም፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ውስጥ ስላኖራት ነው። የአንድ ሰፈር ዕድል መሳፍንትን ወይም ደራሲን መጠበቅ ብቻ ከሆነ የቀሩት ሰፈሮቻችን ምን ይሁኑ?

ሐረር ያስተማረችኝ ይህን ነው። ስም ቤትን ያድናል፤ ስሙ የግድ ትክክለኛ መሆን እንኳ የለበትም። እንግዲያው ስም መስጠት በእጃችን ያለ ነገር ነው። የጎረቤትህን ቤት ማን እንደ ሠራው፣ ቋሚው ጥድ ይሁን ባሕር ዛፍ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተመታ ባለቤቱ በሕይወት ሳለች መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። እኔ አልጠየቅሁም። አያቴ የአናጢውን ስም ታውቅ ነበር፤ «እሱ እኮ ሚስማር አያባክንም» እያለች ታመሰግነው ነበር። ስሙን ስትጠራው ሰምቻለሁ፤ አልያዝሁትም። እሷም ኮንዶሚኒየሙ ሳያልቅ አረፈች።

ቤቱ የፈረሰ ዕለት እንጨቱ ለማገዶ ተሽጦ በጋሪ ሲጫን እናቴ አንድ ነገር አስቀረች፦ የበሩን መቀርቀሪያ። ክንድ የሚያህል እንጨት ነው፤ መካከሉ ከእጅ ብዛት ጎድጉዶ ለስልሷል። ፎቶግራፉን ልሰቅል ያቃተኝ ማታ እሱን ከሳጥን ውስጥ አወጣሁና በጠረጴዛው ላይ፣ ከግድግዳው ጋር አስደግፌ አቆምሁት። ፎቶግራፉንም በእሱ ላይ አስደገፍሁት። እስካሁን አልወደቀም።

ስሙን ለእንግዳ ሲሰጥ ኖሮ ቤቱ፣
በሳንቃው ላይ ቀረ የአናጢው ልፋቱ።
የአያቴ ጎጆ ስም አልወጣለትም፣
እጇን ያየ ጭቃ ሰው አልጻፈለትም።